የተቀዳ ነገር የተሰረቀ ነውን? ስለ ጌም ማሽን ማስነሻ ፋይል ለተማሪዎችና ለከተማ ሰዎች የተጻፈ ቃል

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በትንሹ ነገር ውስጥ ትልቅ ጥያቄ ተሰውሮ ስላለ ጥቂት ታግሠህ እንድታነበው እንለምንሃለን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰው የሌላውን ሰው ሥራ ቢቀዳ፥ ባለቤቱም ከእጁ ምንም ባይጎድልበት፥ የቀዳው ሰው ሌባ ነውን? ብዙዎች ይህን በአንድ ቃል ይመልሱታል። አንዳንዱ «አዎን፥ ሌባ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ማን ተጎዳ?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለናል።

በአዊ ምድር ያለችውን የቆሰበርን ከተማ፥ እንጅባራ በሚለው ስሟም የምትታወቀውን፥ ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪ ከየአገሩ ይመጣል፤ ከመጽሐፉና ከጋቢው ጋርም አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ዝናቡ በሚረዝምበት፥ ብርዱም በሚጠናበት በዚያ ደጋ፥ ማታ ከደጅ መውጣት ሲያስቸግር፥ ተማሪው ከጥናቱ በኋላ ጥቂት መጫወት ይወዳል። አዲሶቹ ጌሞች ለአሮጌው ላፕቶፕ ይከብዱታል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተሠሩት ግን ይቀልሉታል። ስለዚህ ኢሙሌተር የተባለውን ፕሮግራም ይጭናል፤ ይኸውም አንዱን ማሽን በሌላው ማሽን ውስጥ አስመስሎ የሚያሠራ ነው። ፕሮግራሙንም በከፈተ ጊዜ የባዮስ ፋይል አልተገኘም የሚል ቃል ያነባል። ጓደኛውም ከአጠገቡ ሆኖ፥ «ምን ቸገረህ፥ ፍላሼ ላይ አለ፤ ልስጥህ» ይለዋል። እንግዲህ የምንጠይቀው ስለዚህች ደቂቃ ነው። ተማሪው ይውሰድ ወይስ ይተው?

በማናውቀው ነገር መፍረድ ልማድ ሆኖብናልና፥ ከመፍረዳችን በፊት ይህ ፋይል ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ማናቸውም እንዲህ ያለ ማሽን ኃይል ባገኘ ጊዜ ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻው ባዶ ነው። ፕሮሰሰሩ ለመሥራት የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ይሻል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የማይጠፋ ጽሑፍ ያለበትን ትንሽ ቺፕ ይተክላሉ፤ ኃይል ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ይህን ነው። ከፋብሪካ ተጽፎ የሚመጣው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል፤ የማስነሻው ክፍልም ባዮስ ይባላል። በቤት ብንመስለው፥ ባዮስ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ እሳት እንደሚያቀጣጥል፥ ደጁን እንደሚከፍት፥ እንግዳ ሲመጣ «ማን ነህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ ቀኑንም ሙሉ በተጠራበት እንደሚታዘዝ አሽከር ነው።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 1994 ለገበያ አወጣ። በዚያ ማሽን ያለው ባዮስ 512 ኪሎባይት፥ በትክክል ሲቆጠር 524,288 ባይት ነው። በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና፥ መጠኑ ከ174,000 ፊደል በላይ፥ ማለት ደኅና መጠን ካለው መጽሐፍ ጋር የሚተካከል ነው። ይህ ጽሑፍ ማሽኑ ሲነሣ ክፍሎቹን ያሰናዳል፤ የኩባንያውን ምልክትና ድምፅ ያሰማል፤ የገባውም ዲስክ ከፋብሪካው የወጣና ለዚያ አገር የተፈቀደ መሆኑን ይመረምራል፤ ከዚያም ሥልጣኑን ለጌሙ ያስረክባል። ከአስረከበም በኋላ ሥራው አያልቅም። ጌሙ የተጫዋቹን እጅ ለማወቅ፥ ከሜሞሪ ካርድ ለማንበብ፥ ከዲስኩም ለመቅዳት ይህንኑ አሽከር ደጋግሞ ይጠራዋል። አስመሳዩ ፕሮግራም ይህን ፋይል የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፤ ቤቱን ሠርቶታል፥ አሽከሩ ግን የለውም።

ሁሉም ማሽን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኔንቴንዶ ፋሚኮም ባዮስ የለውም፤ ጌሙ ከካርትሪጁ በቀጥታ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ደግሞ ማስነሻው 256 ባይት ብቻ ነው፤ በአማርኛ ፊደል 85 ያህል፥ ማለት ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። ይህችም ትንሽ ጽሑፍ በካርትሪጁ ላይ ያለውን የኔንቴንዶን ምልክት በራሷ ውስጥ ካለው ጋር ታስተያያለች፤ ያልተስማማ እንደ ሆነ ማሽኑን ታቆመዋለች። የፕሌይስቴሽን 2 ባዮስ ግን 4 ሜጋባይት ደርሷል። ስለዚህ «የባዮስ ፋይል» ሲባል አንዱ የአንድ መስመር ጽሑፍ፥ ሌላው የብዙ ሰዎች የብዙ ወራት ድካም መሆኑን አስተውል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በእኛ አገር መጽሐፍ መቅዳት ከጥንት ጀምሮ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁን የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ጸሐፊው ቆዳ ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ብርዕ ቀርጾ፥ ወራትን ተቀምጦ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ያደርገው ነበር። መጽሐፉን የሰረቀውን፥ የፋቀውን ወይም ከደብሩ ያወጣውን ሰው የሚያወግዝ ቃል በብዙ ብራና ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ውግዘቱ የሚወርደው መጽሐፉን ከቦታው በሚያጠፋው ላይ ነው፥ ሁለተኛ መጽሐፍ በሚጽፈው ላይ አይደለም። አባቶቻችን በመውሰድና በመቅዳት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር።

ይህንም ከአዊ ምድር አጠገብ በሆነ ታሪክ ማየት ይቻላል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1770 በሰከላ ወዳለው ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ ነበር። ወደ አውሮፓ ሲመለስም፥ እ.ኤ.አ. በ1773፥ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂ ይዞ ገባ። ይህ መጽሐፍ በሙሉው በግዕዝ ብቻ የቆየ ሲሆን በአውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረ ነው። ብሩስ ቅጂ ቢወስድ በኢትዮጵያ ያለው ሄኖክ አንዲት ገጽ አልጎደለችበትም። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት ራሳቸው ተጭነው ሄዱ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፥ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፤ በሁለተኛው ጊዜ በዚህ የነበረው በዚያ ሆነ፥ በዚህም ባዶ ቦታ ቀረ። «ማን ተጎዳ?» የሚለው ሳቂ እንግዲህ ፈጽሞ ሞኝ አይደለም። መቅዳት እንደ መቅደላው ዝርፊያ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ቃላትን ያለ ልክ ይጠቀማል።

ነገር ግን ሳቂው በዚህ ቢያበቃ አንፈቅድለትም። የጥንቱን ቅጂ ንጹሕ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፥ የደረሰው ሰው ከቅጂው ሽያጭ የሚበላ አልነበረም፤ ከሞተም ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለተኛው፥ መቅዳት ራሱ ድካም ስለ ነበረ ቅጂው የራሱ ዋጋ ነበረው። ዛሬ ግን ፋይል ለመቅዳት ዓይን እስኪከደን እንኳ አይፈጅም፤ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ፥ ልጆቹንም የሚያሳድገው ከቅጂው ሽያጭ ነው። ጠበል በጽዋ ቢቀዳ ምንጩ አይጎድልም፤ የድርሰት ምንጭ ግን ደራሲው ነውና፥ የሚበላው ካጣ ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍም።

ይህ ነገር ሩቅ የመሰለህ እንደ ሆነ ስልክህን ክፈት። የአማርኛ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥተው፥ ፒዲኤፍ ሆነው፥ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ አላየህምን? ደራሲው ለወረቀትና ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ከፍሏል፤ መጽሐፉም ገና በመደብር ተደርድሮ ሳለ በስልክ ላይ በነጻ ይነበባል። ከዚያ በፊትም ዘፋኞቻችን በካሴት ቅጂ እንዲሁ ተጎድተዋል፤ ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምም በብዙ መሥሪያ ቤትና ቤት ሳይገዛ ሲገለበጥ ኖሯል። ስለ ሶኒ ሀብት የማያዝን ሰው ስለ እነዚህ ያዝናል። እኛ የምንጠይቀው ግን ይህን ነው፤ «ባይት ቢቀዳ ማንም አይጎዳም» የሚለው ቃል እውነት ከሆነ ለአገርህ ደራሲም እውነት ነው፤ ለአገርህ ደራሲ ሐሰት ከሆነ ደግሞ፥ ስለ ሩቁ ሰው እውነት የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ልታሳይ ይገባሃል። ባለቤቱ ባለጠጋ መሆኑ ብቻ በቂ ምክንያት አይደለም። የደኃ ላምም የባለጠጋ ላምም ላም ናት።

ሕጉስ ምን ይላል? በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የሚናገር ክፍል ነበረው። ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። ይህ አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍትና ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በአንድነት ይቈጥረዋል። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን በብዙ ነገር ሲፈቅድ፥ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ጠበብ ያለ መንገድ ይሰጣል፤ የፕሮግራሙን ቅጂ በሕግ የያዘ ሰው ለመሥሪያው የሚያስፈልገውን፥ ወይም ቢጠፋና ቢበላሽ የሚተካበትን አንድ ቅጂ ሊያደርግ ይችላል። የሕጉ አሳብ ለምክንያተኛ ልብ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ በእጅህ ካለ በውስጡ ያለው ባዮስ ለአንተ የተሸጠ ቅጂ ነው፤ እርሱን ለራስህ ብትቀዳ የተሸጠልህን ጠበቅህ እንጂ አዲስ ነገር አልወሰድህም።

ይህም በሥራ የሚቻል ነው። አሮጌው ፕሌይስቴሽን ቤት ካለ፥ በጀርባው ባለው ሶኬት ወይም በሜሞሪ ካርዱ በኩል ባዮሱን አንብቦ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ለፕሌይስቴሽን 2ም እንዲሁ፥ ባዮሱን ወደ ፍላሽ የሚጽፍ አለ። የወጣውም ፋይል ትክክለኛ መሆኑ በማረጋገጫ ቁጥር ይታወቃል። ኤምዲ5 የተባለው ስሌት ከፋይሉ ባይት ሁሉ 32 ምልክት ያለው አንድ ቁጥር ያወጣል፤ አንዲት ባይት ብትለወጥ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። የድሮው ጸሐፊ ቀድቶ ሲጨርስ ከዋናው ጋር እያስተያየ የተሳሳተውን ያርም ነበር፤ ይህም ስሌት ያንኑ ሥራ በቅጽበት ይሠራል። የፋይሉን ስም መለወጥ ግን ይዘቱን አይለውጥም። በስሙ ላይ ያለው 1000፥ 1001 ወይም 1002 የሚለው ቁጥር ማሽኑ ለጃፓን፥ ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ የተሠራ መሆኑን የሚያመለክት የሞዴል ቁጥር ነው፤ የጃፓኑን ፋይል ወስዶ የአሜሪካውን ስም የሚሰጠው ልጅ ኢሙሌተሩን እንጂ እውነቱን አላታለለም።

አሁን ለአንድ ደቂቃ ከሕጉ ወጥተን ወደ ጎጃም የቅኔ ቤት እንግባ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት እንደ ሆነ፥ ልኩና ዜማውም እንዴት እንደሚሄድ ከመምህሩ ይማራል። ልኩ የሁሉ ነው፤ ማንም «የእኔ ነው» አይልም። ቃሉና ምሥጢሩ ግን በየዕለቱ አዲስ፥ የተማሪው የራሱ መሆን አለበት፤ የጓደኛውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ የነገረ ተማሪ በጉባኤው ያፍራል። ብራና የሚቀዳበት አገር ቅኔ የማይቀዳበት አገር ነው፤ በዚህም ምንም ግራ መጋባት አልነበረም። ልኩን መከተል ሌላ፥ ቃሉን መውሰድ ሌላ።

ይህችን የቅኔ ቤት ልዩነት የአሜሪካ ዳኞች ስለዚሁ ስለ ፕሌይስቴሽን ባዮስ ሲከራከሩ አግኝተዋታል፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 የፕሌይስቴሽንን ጌም በማኪንቶሽ ኮምፒውተር የሚያጫውት ፕሮግራም አወጣ። ሠራተኞቹ ፕሌይስቴሽን ገዝተው ባዮሱን ከቺፑ አውጥተው ነበር፤ ሲሠሩም እያንዳንዱ ጥሪ ምን እንደሚያደርግ ከእርሱ ተምረዋል። ለሕዝብ በሸጡት ፕሮግራም ውስጥ ግን የሶኒ ጽሑፍ አንድ ቃል አልነበረም፤ አሽከሩን በራሳቸው እጅ እንደ ገና ጽፈውት ነበርና። ሶኒ ወዲያው ከሰሰ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ሽያጩን አገደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በየካቲት እ.ኤ.አ. 2000 እገዳውን ሻረ፤ አሠራሩን ለማወቅ በመካከል የተደረገው መቅዳት ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ፈረደ። ሶኒም በፍርድ ያጣውን በገንዘብ አገኘው፤ በሚመጣው ዓመት ፕሮግራሙን ከኩባንያው ገዝቶ ከገበያ አጠፋው። ስለዚህ አሳብ ዳኞች ከተናገሩ በኋላ ገንዘብ ደግሞ የራሱን ቃል እንደሚጨምር ልብ በል።

ከዚያ አስቀድሞም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤምን ኮምፒውተር የሚመስል ኮምፒውተር ሊሠሩ የወደዱ ሰዎች ከዚህ ይልቅ የተጠነቀቀ መንገድ ፈልገው ነበር። አንዱ ቡድን የአይቢኤምን ባዮስ አንብቦ የሚያደርገውን ብቻ በተራ ቃል ይጽፋል፤ ሌላው ቡድን፥ ባዮሱን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው፥ ከዚያ መግለጫ ተነሥቶ አዲስ ይጽፋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ያለው ርካሽ ኮምፒውተር ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው። አንዳንዶች ይህን የጠበቃ ብልሃት ብቻ ያደርጉታል፤ እኛ ግን ይህን ያህል መድከማቸውን በክብር እናየዋለን።

እንግዲህ ወደ ቆሰበሩ ተማሪ ተመለስን። እርሱ ፕሌይስቴሽን የለውም፤ ምናልባት በልጅነቱ በጌም ቤት ሳንቲም እየከፈለ ተጫውቶ ይሆናል እንጂ በቤቱ ኖሮ አያውቅም። ስለ እርሱ የሚቀርበውን ክርክር በሙሉ ኃይሉ እንስማው። ሶኒ ያንን ማሽን መሥራት እ.ኤ.አ. በ2006 አቁሟል። ባዮሱን ለብቻው ሸጦ አያውቅም፤ ስለዚህ ተማሪው ቢቀዳው የጠፋ ሽያጭ የለም። ሊከፍል ቢወድም የኩባንያው የኢንተርኔት መደብር ለኢትዮጵያ አድራሻ ሲያስቸግር የቆየ ነው፤ የውጭ ምንዛሪውም ሌላ ጣጣ ነው። በአሜሪካ ሕግ የድርጅት ሥራ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃልና፥ ያ ባዮስ ነጻ እስኪሆን እ.ኤ.አ. 2089 ሊያልፍ ነው፤ ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ተማሪ በዚያን ጊዜ ሰማንያውን ያልፋል፥ ቺፖቹም በስብሰዋል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፥ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 ከመቶ የሚሆኑት በገበያ የማይገኙ ናቸው። ቀጂዎች ባይኖሩ ይህ ሁሉ እንደ አውሮፓው ሄኖክ ይጠፋ ነበር።

ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ከፊሉንም እንቀበለዋለን። የሚጠፋውን የሚያስቀምጥ፥ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪ የሚያቆይ ሰው፥ ሕግ ቢያጠብበትም፥ በሕሊና ፊት ከሌባ ጋር አይቆምም። ይሁን እንጂ ተማሪው በዚያች ማታ ሄኖክን እያዳነ አይደለም፤ እየተጫወተ ነው። መጫወቱን አንነቅፍም፤ ስሙን ብቻ በትክክል እንጥራው። «የተጣለ ንብረት ነው» የሚለውም ነገር በሙሉው እውነት አይደለም። ሶኒ በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 2018 ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የተባለ 20 ጌም ያለበት ትንሽ ማሽን ሸጧል፤ በውስጡም ያ አሮጌ ሥራ እንደ ገና ገንዘብ ሲያመጣ ታይቷል። በነገራችን ላይ፥ በዚያ ማሽን ውስጥ ጌሙን የሚያጫውተው ሶኒ የጻፈው አይደለም፤ ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የተባለው፥ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው ለሁሉ የሰጡት ኢሙሌተር ነበር። ኢሙሌተርን በፍርድ ቤት ያሳደደ ኩባንያ በኢሙሌተር ሲነግድ ማየት ፈገግ ያሰኛል፤ ቢሆንም ፈቃዱ እስከ ተጠበቀ ድረስ ጥፋት አልሠራም።

የተማሪውን ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ግን ሌላ ነገር ነው። «ሌላ መንገድ የለኝም» የሚል ሰው ሌላ መንገድ በተገኘ ጊዜ ቃሉ ያልቅበታል። መንገዱ ደግሞ አለ። ከላይ የጠቀስነው ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የሶኒ ፋይል ባይሰጠው የባዮሱን አገልግሎት ራሱ አስመስሎ የሚሠራ ክፍል አለው። ኦፕንባዮስ የሚባል፥ ፕሮግራመሮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳቸው ጽፈው በነጻ ያቀረቡት የፕሌይስቴሽን ባዮስም አለ። ለጌም ቦይ አድቫንስ ኤምጂቢኤ የተባለው ኢሙሌተር እንዲሁ በራሱ ባዮስ ይሠራል። አንዳንድ ጌም በእነዚህ ላይ ይሰናከላል፥ የመክፈቻው ድምፅና ምልክትም አይገኝም፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ንጹሕ ነገር በነጻ ቀርቦ ሳለ፥ ትንሽ ስለሚሻል ብቻ የሌላውን የሚመርጥ ሰው ችግሩ ድኅነት መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል። ለፕሌይስቴሽን 2 ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ፒሲኤስኤክስ 2 የተባለው ኢሙሌተር ያለ እውነተኛው ባዮስ አይነሣም። በዚህ ላይ ማሽን የሌለው ሰው ወይ ይተዋል፥ ወይ ያልተሸጠለትን እንደሚጠቀም አውቆ ይጠቀማል። እኛ ቢተው ይሻለዋል እንላለን፤ ባይተው ግን ከመደብር ዕቃ ሰርቆ ከሚወጣው ጋር አናስተካክለውም።

ባዮሱን አጥርቶ ጌሙን ራሱን ከማይገባ ቦታ የሚያወርድ ሰውም አለ፤ እርሱ በሩን በቁልፍ ከፍቶ በግድግዳው የሚገባ ነው። ስለ ጌሙ ፋይል ከዚህ በላይ አንጽፍም፤ ለባዮሱ የተባለው ሁሉ ለእርሱ ይልቁን በብርቱ ይባላልና።

ማሽን እያለው ከኢንተርኔት የሚያወርደውስ? ባይት ለባይት አንድ ነው፤ ኤምዲ5 ቢያወጣ ቁጥሩ ይስማማል። ሕግ ግን ቅጂውን ማን አደረገው፥ ማንስ አከፋፈለው ብሎ ይጠይቃል፤ አከፋፋዩ ለአንተም ማሽን ለሌለው ለሌላውም ሳይለይ ይሰጣልና። በእኛ ዘንድ የዚህ ሰው ነቀፋ ቀላል ነው፥ አደጋው ግን ቀላል አይደለም። የባዮስ ፋይል የሚጫን ፕሮግራም አይደለም፤ «ክፈተኝና ጫነኝ» የሚል የባዮስ ፋይል የያዘህ እንደ ሆነ የያዝኸው ባዮስ አይደለም፥ ቫይረስ ነው።

በሌላ በኩል ግን ፍርዳችንን የማናለዝብባቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የሚሸጡት ናቸው። ፋይሉን በፍላሽ እየሞላ በብር የሚሸጥ፥ ወይም ብዙ ሺህ ጌም የተጫነባቸውን ትንንሽ ማሽኖች አስመጥቶ የሚነግድ ሰው፥ ከሶኒም አልገዛ፥ ኢሙሌተሩን በነጻ ከጻፉትም ፈቃድ አልጠየቀ፤ የሁለቱን ድካም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ኔንቴንዶ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ያከፋፍሉ የነበሩ ሰዎችን ከሶ 12 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶለታል። ፍርዱ ከባድ መሰለን፤ ነገር ግን በሌላው ሥራ ገበያ የዘረጋ ሰው «ማን ተጎዳ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የለውም፥ የተቀበለው ገንዘብ ራሱ ይመልስለታልና።

አንድ ነገር ቀርቷል። አንተ በእውነት ማሽኑ አለህ፥ ባዮሱንም በእጅህ ቀድተሃል እንበል። ማሽኑን የሸጥኸው ቀን ቅጂው ከማሽኑ ጋር ይሄዳል፤ በላፕቶፕህ የቀረውን ታጠፋዋለህ፤ ፈረሱን ሸጦ ኮርቻው የእኔ ነው ማለት በዚያ የፈረሰኛ አገር እንኳ የሚያስቅ ነው። ከመሸጥህ በፊት ደግሞ ያ ጓደኛህ ፍላሽ ይዞ በደጅህ ቆሞ «ቅዳልኝ» ቢልህ፥ ፋይሉን አትስጠው፤ ኦፕንባዮስን ስጠው፥ እንዴት እንደሚጫንም አሳየው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስም ወደ ውስጥ አስገባውና በማሽንህ አብራችሁ ተጫወቱ፤ ያ ፕሌይስቴሽን ሲሠራ ለሁለት ሰው የሚሆን ሁለት ሶኬት በፊቱ ተደርጎለታል።